ከኋላ የተሳለው ልጅ

ባለፈው ሳምንት ከሰሌዳው ዞር ስል አንዲት ተማሪዬ ስትስለኝ ያዝኳት። የሳለችው ጀርባዬን ነበር፤ ጠመኔ የያዘ ክንድ፣ ከቀበቶው ያፈተለከ ሸሚዝ፣ ቀጭን ማጅራት። "ፊቴስ የታለ?" አልኳት። "ቲቸር፣ እርስዎ መቼ ዞረው ያውቃሉ?" አለችኝና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ወረቀቱን ግን ቤቴ ይዤው ሄድኩ፤ እትዬ ጽጌን አስታወሰኝ።

እትዬ ጽጌ ልጅ እያለሁ ጅማ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር፣ ግቢያችን ውስጥ ባለችው ሰርቪስ ቤት የምትኖር ሠዓሊ ነበረች። ዘመኑ የደርግ ስለነበር የምትኖረው መፈክር በመጻፍ ነው። ቀን ቀን ለመሥሪያ ቤቶች ቆርቆሮ ላይ ጡንቻቸው ያበጠ ላብ አደሮችን ትስላለች። ከሥራ ስትመለስ ደግሞ የከተማችንን ሰው ትስል ነበር፤ ፈረሱን ውኃ የሚያጠጣ ባለጋሪ፣ ከመጋዘን ሲወጡ ነጠላቸውን የሚያራግፉ ቡና ለቃሚ ሴቶች፣ ሒርማታ ገበያ ዝናብ ይዟቸው ከአንድ ጥላ ሥር የተጠጋጉ ሰዎች። ሸራ አይገኝም ነበርና የቡና ጆንያ ሙጫ ቀብታ እንጨት ላይ ትወጥራለች። ስለዚህ ሥዕሎቿ እንዳልተፈለፈለ ደረቅ ቡና፣ ጀንፈል ጀንፈል ይሸቱ ነበር። ከመፈክር የሚተርፋት ቀለም ቀይ ስለሆነም በእያንዳንዱ ሥዕል ውስጥ አንድ ቀይ ነገር አይጠፋም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። እትዬ ጽጌ ሳታስፈቅድ ሰው አትስልም። ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን አንዳንዶቹ ፊታቸው እንዲሳል አይፈልጉም ነበር፤ እሷም ሳትከራከር ከኋላቸው ትስላቸዋለች። እየቆየ ግማሹ ሥዕሏ ጀርባ ሆነ። የልብስ ገመዱ ላይ ስታሰጣቸው እኛ ልጆች ተሰልፈን የማን ጀርባ እንደሆነ እንገምታለን።

"ባለጋሪው ነው።"

"ባለጋሪው አንገት አለው እንዴ?"

"ጋቢው ውስጥ ነዋ፣ ደደብ።"

ሁላችንም አንዴ አይተን ያወቅነው የሙክታርን ነበር። ሙክታር አዌቱ ድልድይ አጠገብ ብስክሌት የሚጠግን ወጣት ነው፤ ጎማ ከነፋንለት አንድ ዙር ያስነዳናል። በሥዕሉ ላይ ቀይ ብስክሌት እየገፋ ዳገቱን ወደ ቤቱ ይወጣል፤ ግራ ትከሻው እንደ ልማዱ ዘንበል ብሏል። ፊቱ እንዳይሳል የነገሯት እናቱ አዴ ዘይነባ ነበሩ። ሥዕሉ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ሲያዩት ግን እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ በኦሮምኛ ልጃቸውን እንደሚጠሩት ሥዕሉን ተቆጡት፤ "ያ ሙክታር! ቀና ብለህ ሂድ ስልህ አትሰማም አይደል?" አሉት። ግቢው ሁሉ ሳቀ።

በዚያው ዓመት ለብሔራዊ ውትድርና አፈሳው በረታ። ሙክታር የብስክሌት ዕቃ ሊያመጣ ሰኮሩ ሄዶ ሲመለስ አፋሾቹ ከአውቶቡስ አወረዱት። እናቱ አልተሰናበቱትም። ከብዙ ጊዜ በኋላ አብሮት የተያዘ የሰኮሩ ልጅ በክራንች እየተደገፈ መጣና፣ ሙክታር ሰሜን ጦር ግንባር መሞቱን፣ እዚያው መቀበሩን ነገራቸው።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ አዴ ዘይነባ አንድ ከሰዓት ግቢያችን ገቡ። የሙክታር ሥዕል እትዬ ጽጌ በር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ከሥዕሉ ፊት ለፊት ቆሙ።

"ጽጌ፣ ልጄ" አሉ፣ "እስቲ አዙሪልኝ።"

እኔ ሮጬ ከሥዕሉ ጀርባ ገባሁ። ፊቱ በዚያ በኩል ያለ መስሎኝ ነበር። የጆንያ ክር ብቻ አየሁ።

ለካ ቤታቸው ውስጥ አንድም የሙክታር ፎቶ የለም። ሟቹ አባቱ ፎቶ ቤት ውስጥ እንዲሰቀል አይወዱም ነበር። ያለችው አንዲት ጉርድ ፎቶ የቀበሌ መታወቂያው ላይ ነበረች፤ እሷም አብራው ሄዳለች።

"አዴ፣ ፊቱን እኮ አልያዝኩትም። ሁሌም ከኋላው ነበርኩ" አለች እትዬ ጽጌ። ቢሆንም እምቢ ማለት አልቻለችም። አዲስ ጆንያ ወጠረች፤ አዴ ዘይነባን በርጩማ ላይ አስቀምጣ ትጠይቃቸው ጀመር።

"ዓይኑ እንዴት ያለ ነበር?"

"ሲያይሽ ደስ ይልሻል።"

"ትልቅ ነው ትንሽ?"

አዴ ዘይነባ እጃቸውን አየር ላይ አንስተው ጉንጭ እንደሚዳስስ ሰው አንቀሳቀሱት፤ መልሰው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

"ልጄ ነው እኮ፣ ጽጌ። መቼ ለያይቼ አየሁት?"

እኛንም ጠየቀችን። እኔ የማስታውሰው ግራሶ የበላው አውራ ጣቱን፣ ፉጨቱን፣ ኮርቻውን ከኋላ ይዞ "አትፍራ፣ አለሁ" የሚለውን ድምፁን ነው። ብስክሌት ላይ ሆኖ ደግሞ ወደ ኋላ የሚያይ የለም።

እትዬ ጽጌ እየሳለች፣ እያጠፋች፣ እንደገና እየሳለች ሰነበተች። በመጨረሻ አስጠራቻቸው። አዴ ዘይነባ ቀረብ ብለው፣ ራቅ ብለው አዩት።

"ማሻአላህ፣ ቆንጆ ልጅ ነው" አሉ በትሕትና። "የማን ልጅ ነው?"

እትዬ ጽጌ ብሩሹን ቆርቆሮው ውስጥ ከተተችና ፊቷን በክንዷ ሸፈነች። አዴ ዘይነባ ራሳቸው አባበሏት። ሲሄዱ የድሮውን ሥዕል፣ ጀርባውን፣ ታቅፈው ሄዱ።

በዓረፋ እናቴ ስኳር አስይዛ ላከችኝ። አዴ ዘይነባ ደጃፋቸው ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ቤት መልሰው ተቀምጠዋል።

"ና እዚህ፣ አትጋርደው" አሉኝ።

ሥዕሉ ከበሩ ትይዩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አጠገባቸው ሆኜ ሳየው ሙክታር ብስክሌቱን እየገፋ ወደ ቤት ይገባል።

"ጽጌ ሲሄድ ሳለችው" አሉ፤ "እኔ ሲገባ ሰቀልኩት።"

ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት ስንመለስ በደጃቸው ስናልፍ "ያ ሙክታር" ሲሉ እንሰማ ነበር። አይቆጡም። ይጠሩና ይጠብቃሉ።

አሁን አዴ ዘይነባ የሉም። እትዬ ጽጌ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውራ ወሬዋ ጠፋ። ሒርማታ ዙሪያውን ፎቶ ቤት ሆኗል፤ ተማሪዎቼ ጉርድ ፎቶ ይለዋወጣሉ፣ ደብተራቸው ሽፋን ላይ ይለጥፋሉ። ዛሬ ፊት ሞልቷል። እኔ ግን የመጨረሻው ደወል ሲደወል በሩ ላይ እቆማለሁ። ጀርባቸውን ሰጥተው እየተጋፉ ሲወጡ አንዱን በስሙ እጠራዋለሁ።

"አቤት፣ ቲቸር?" ይላል ዞር ብሎ።

ዓይኑን አያለሁ፤ አፍንጫውን፣ አገጩን አያለሁ።

"ምንም" እለዋለሁ። "ሂድ።"