ከዳሽቦርዱ ጀርባ

የመኪና ማቀዝቀዣ ገና ሲከፈት የሚወጣው የረጠበ አቧራ ሽታ እስከ ዛሬ መስኮት ያስከፍተኛል። ሽታው በመጣ ቁጥር ሱዳን ውስጥ ሐጅ ዩሱፍ በሚባል ሰፈር የነበረው ግቢያችንና ዳሽቦርዷ ተነቅሎ ኒም ዛፉ ሥር የቆመችው የአባቴ መኪና ይታዩኛል።

አባቴ ሱዳናዊ መካኒክ ነበር፤ እናቴ ዘሀራ ከወሎ መጥታ ዐማራት በሚባለው ሰፈር በሰው ቤት ስትሠራ ነው ያገባት። በዚያ ዓመት ሙቀቱ ሲጀምር አገር ቤት ያለችው እናቷ በጠና መታመሟን ሰማችና ልሂድ አለች። ነፍሰ ጡር ነበረች። አባቴም «በዚህ ሆድሽ በባስ አትሄጂም፤ እስከ ድንበር ራሴ አደርስሻለሁ። ሙከይፉን ግን መጀመሪያ ልሥራው፤ ያለሱ ሙቀቱ ይገድልሻል» አላት።

ከሙከይፉ፣ ከማቀዝቀዣው፣ የተበላሸው ኢቫፖሬተሩ ነበር። አየሩን የሚያቀዘቅዘው ይህ ክፍል ከዳሽቦርዱ ጀርባ ተቀብሮ ስለሚኖር፣ እሱን ለማውጣት መሪው ሳይቀር ተፈትቶ ግቢው ውስጥ ተዘረገፈ፤ ዶሮዎቻችንም መሪው ላይ መስፈር ጀመሩ። አባቴ ከሌላ መኪና የወጣ ኢቫፖሬተር ይዞ መጣና እንደ ልማዱ ከመግጠሙ በፊት ሊፈትሸው አንዱን አፉን ደፍኖ፣ በሌላው አየር ነፍቶ፣ የእናቴ ልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ነከረው። የሚያፈስ ከሆነ አረፋ ያወጣል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ሳፋው ላይ አጎንብሼ ብጠብቅ ብጠብቅ አንዲት አረፋ አልወጣችም። አባቴ ግን እጁን አራግፎ ደጃፉ ላይ ለቆመችው እናቴ «ያፈሳል። ሌላ እስኪገኝ ታገሺ፣ ኢንሻአላህ» አላት።

የጎረቤታችን ሚስት የታመመ ልትጠይቅ አገሯ ሄዳ እዚያው ቀርታ ነበር። አባቴ ይህን መፍራቱ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው፤ ያኔ የገባኝ ዝም ማለት እንዳለብኝ ብቻ ነበር።

ሀቡቡ፣ ያ የአቧራ ማዕበል፣ መንፈስ ሲጀምር እናቴ የተፈታታው ዕቃ አቧራ እንዳይገባበት እየሮጠች ራሷ በምትከናነበው ቶብ ትሸፍነው ነበር። አባቴ ማታ ከገበያ ሲመለስ «ተገኘ?» ትለዋለች፣ እሱም «ቡክራ፣ ነገ» ይላታል፣ እኔ ደግሞ ዓይኗን ላለማየት ወደ ጓዳ እገባ ነበር።

የመጀመሪያው ዝናብ በጣለበት ሳምንት የእናቷ መርዶ መጣ። አባቴ በሁለት ቀን ውስጥ ያንኑ ኢቫፖሬተር ገጥሞ፣ መኪናዋን አስነሥቶ፣ እናቴን የፊት ወንበር ላይ አስቀመጣት።

«ያላ፣ እንሂድ፤ ለለቅሶው እንኳ ላድርስሽ» አላት።

«ኸላስ፣ አበቃ፤ ከእንግዲህ ማንን ላገኝ?» አለችና ወርዳ ወደ ቤት ገባች። ያን ቀን ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም።

አባቴ ከሞተ ዓመታት አለፉ። እናቴ አርጅታ እኔ ጋ ነው የምትኖረው፤ ስለ እሱ በተነሣ ቁጥር «ምስኪን፣ እናቴ ጋ ሊያደርሰኝ ብሎ ያን በጋ በሙሉ መከራውን በላ፤ አላህ ይዘንለት» ትላለች። ያኔ ዝም ያልኩት አባቴን ፈርቼ ነበር፤ ዛሬ የምፈራው ለእሷ ነው፣ ከእሱ የቀራትን አንድ ደግ ነገር እንዳልነጥቃት። ዱዓዋን ስትጨርስ «አሚን» እላለሁ።