የዕፅ ነጋዴው አንድ ዓይን

«ሁለት ዓይን አልሰጠውም» አሉ የኔታ፣ ብሩሻቸውን ሳያስቀምጡ።

«የኔታ፣ ሕዝቡ እኮ ይወደው ነበር። እስከ ዛሬ መቃብሩ ላይ ሻማ ያበሩለታል» አለች ማርታ።

«ያብሩለት። እኔ ሻማ አልከለከልኩም።»

«ታዲያ ዓይን ለምን ይከለከላል?»

«ሰው አስገድሏላ።»

እኔ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጬ የመቃ ብዕሬን እቀርጻለሁ። ክርክሩ ጠዋት የጀመረ ነው። ማርታ ሻይዋን እንደያዘች ቀዝቅዞባታል።

ወደዚህ ሙያ ለምትገቡ ልጆች ነገሩን ላስረዳ። በእኛ አሣሣል ደግ ሰው ፊቱን ወደ ተመልካቹ አድርጎ ይሳላል፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ክፉ ሰው በጎን ይሳላል፤ የሚታየው አንድ ዓይን ብቻ ነው። ይሁዳ አንድ ዓይን ነው። የሄሮድስ ወታደሮችም እንደዚያው። ማርታ ይህን ከእኔ በፊት ታውቃለች። ከዚህ ብዙ በማትርቀው ኮን ተወልዳ አዲስ አበባ ሥዕል የተማረች፣ በከተማው ስም ያላት ሠዓሊ ናት። ላሊበላ የመጣችውም ለዚሁ ነው።

ሐሳቧ ይህ ነበር፦ የአንድ የሩቅ አገር የኮኬይን ነጋዴ ሕይወት የቅዱሳን ገድል በሚሳልበት መንገድ በአንድ ሸራ ላይ በትናንሽ ክፍሎች ይሳል፤ ከልደት እስከ ሞት፣ በሁሉም ክፍል በሁለት ዓይን። ተመልካቹ ጻድቅ መስሎት ይቀርባል፤ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ሲያነብ ይደነግጣል። ሥዕሉ የየኔታ፣ ጽሑፉ የእኔ። ሸራው በአዲስ አበባ ኤግዚቢሽን ሲሰቀል ስሜ ከስሟ አጠገብ ይጻፋል። ግጥም የምጽፈው ከልጅነቴ ጀምሮ ነው፤ ያነበበልኝ ግን ከየኔታና ከአንድ አስጎብኚ ጓደኛዬ በቀር ማንም አልነበረም። እንግዲህ የኔታ የሚስሉት ዓይን የእኔንም ዕድል ይዞ ነበር።

መሪጌታ ካሳን ሁላችንም የኔታ ነው የምንላቸው። ሥራ ቤታቸው የገባሁ ዕለት የተሰጠኝ ብሩሽ አልነበረም። በእንጨት ላይ የተወጠረ የፍየል ቆዳና መፋቂያ ሰጡኝ። «መቼ ነው የምስለው?» አልኳቸው። «መጀመሪያ ጠረኑን ልመድ» አሉኝ።

የሥራው ደረጃ እንዲህ ነው። አዲስ ገቢ ብራና ይፍቃል። ከዚያ ቀለም ይበጠብጣል፣ ቀጥሎ ልብስና ሰማይ ይሞላል። ፊት የሚስሉት የኔታ ብቻ ናቸው። እኔ ልብስ ላይ ሳልደርስ አንድ ቀን በቁራጭ ብራና ላይ የጻፍኩትን አዩ። ገልበጥ አድርገው ጀርባውንም ፈለጉ፣ ይቀጥል እንደሆነ። «እጅህ ደህና ነው፤ ከሥዕሉ ሥር ያለውን ጽሑፍ ያዝ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ጸሐፊ ነኝ።

ደንበኛ ብዙ ዓይነት ነው። አንድ ባለ ሆቴል ከቅዱሱ ንጉሥ ከላሊበላ ጎን ሆነው እንዲሳሉ ጠየቁ። የኔታ ሳሏቸው፤ የእንጀራ መሶብ አሸክመው። ሰውየው ሥዕሉን ጠጋ ብለው አዩና «ሁለት ዓይን ግን አለኝ አይደል?» አሉ። «አለዎት» አሏቸው የኔታ። ደስ ብሏቸው ወሰዱት።

ማርታ በከረመችበት ሰሞን ስለ ዘመናዊ ሥዕል ከታብሌቷ ታሳየን ነበር። የታወቀን ሰው ፊት እንደ ሸቀጥ እየደጋገሙ በተለያየ ቀለም የሚያትሙ ነበሩ። ፖፕ አርት ይባላል አለችን። የኔታ አልገረማቸውም። «እኛስ ጊዮርጊስን ስንት ጊዜ ነው የምንደጋግመው? ፈረሱን ብቻ ነው አንዴ ነጭ፣ አንዴ ቡና የምናደርገው» አሉ።

ኪዩቢዝም በሚባለው፣ አንዱን ነገር በአንዴ ከብዙ አቅጣጫ በሚያሳየው አሣሣል ላይ ግን ቆሙ። ፊቱ ከጎን ነው፤ ዓይኑ ሁለት ነው። መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አደረጉ።

«ይህ ሠዓሊ አልወሰነም» አሉ።

«ላለመወሰን ብሎ ነው የሳለው፣ የኔታ። የኛንም ሰውዬ እንዲህ እናድርገው፤ በጎን ሆኖ ሁለት ዓይን ይኑረው።»

«አንች ልጅ፣ ከእኔ ልትታረቂ ነው ወይስ እሱን ከፈጣሪው ልታስታርቂ?»

ማርታ ሳቀች። እሳቸውም ፈገግ አሉ።

እኔ በበኩሌ የዕፅ ነጋዴዎችን ሕይወት በስልኬ አነብ ነበር። የማርታን ሰውዬ ብቻ ሳይሆን የሌሎቹንም። አንዱ ለፈረሶቹ ሐኪም ቀጥሮ ነበር። አንዱ ቤተ ክርስቲያን አሠርቶ በምረቃው ቀን አልቅሷል። ሁሉም ድሃ ሆነው ይጀምራሉ፤ ሁሉም እናታቸውን ይወዳሉ። የልጅነታቸውን ምዕራፍ ብቻ የሚያነብ ሰው ይራራላቸዋል። እኔም ራርቻለሁ።

በመጨረሻ የኔታ ከልደቱ ጀመሩ። ሕፃኑን ሁለት ዓይን ሰጡት። «ሕፃን ምን አደረገ?» አሉ። ቀጥሎ በወጣትነቱ ሲጋራ በኮንትሮባንድ ሲያሻግር ነው። እዚያም ሁለት ዓይን ሰጡት። ማርታ ወደ እኔ ዞራ ቅንድቧን አነሳች።

«ሲጋራ ያሻገረ ሁሉ ዓይኑ ቢጎድል በመተማ መንገድ ዓይናማ ባልተገኘ» አሉ የኔታ።

ከዚያ ብሩሹን አጥበው አስቀመጡና ወደ እኔ አመለከቱ።

«ከዚህ በኋላ ያለውን አላውቅም። ይርጋ አንብቦታል። ሰውየው ፊቱን ያዞረው የትኛው ክፍል ላይ እንደሆነ እሱ ይንገረኝ። ከዚያ በፊት ሁለት፣ ከዚያ በኋላ አንድ። የትም አልዞረም ካለ፣ እንዳለው እስላለሁ።»

ማርታ ስንወጣ እስከ መንገዱ አብራኝ ሄደች። «የትም አልዞረም በላቸው። ውሸት አይደለም፤ የሥራው ሐሳብ ነው። ግጥምህ በሰው የሚነበበው እንደዚያ ከሆነ ብቻ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው።

በማግስቱ ወደ አሸተን ማርያም በሚወስደው ዳገት ሄድኩ። ክፍሎቹን በሐሳቤ እያለፍኩ ነበር የምወጣው። የመጀመሪያው ግድያ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ግን ያን ቀን እሱ ልጁን ሲያጫውት ነው የዋለው፣ ያዘዘውም በስልክ ነው። ሥዕል አይሆንም። ቆይቶ ቤት ያደለበት ቀን መጣብኝ። ለድሆች ሰፈር ሠርቶ ቁልፍ ያድላል። ከተሰለፉት አንዷ ባሏን የእሱ ሰዎች የገደሉባት ሴት ናት። ቁልፉን በእጁ ሰጣት፤ ከዚያ የባሏን ስም ጠየቃት። ያስገደለውን ሰው ስሙን እንኳ አያውቀውም ነበር። እሷ ነገረችውና ቁልፉን ይዛ ሄደች።

ሥራ ቤት ተመልሼ ለዚያ ክፍል የሚሆነውን ጻፍኩ።

ቁልፉን ሰጣትና ቤት ግቢ አላት፣
የባልሽ ስም ማነው ብሎ ጠየቃት።

ማርታ ሁለቴ አነበበችው። «ይሄ ከእስካሁኑ ሁሉ ይበልጣል» አለች።

«የዞረው እዚህ ላይ ነው» አልኳቸው ለየኔታ።

ማርታ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «እዚህ? ሻማ የሚያበሩለት እኮ ለዚህ ቀን ነው። ደግሞ አስበው፣ ይርጋ። አንድ ዓይን ከሆነ ተመልካቹ ሳያነብህ ክፉ መሆኑን ያውቃል። ግጥምህ ምን ይሠራል?»

ይህን ቀደም ብዬ አስቤው ነበር። አሁንም በከፊል ልክ ናት እላለሁ።

«ሴትዮዋም እዚያው ክፍል ውስጥ ናት» አልኳት። «እሷ ሁለት ዓይን አላት። እሱም ሁለት ካለው እኩል ይሆናሉ። እኩል አልነበሩም።»

የኔታ ብሩሻቸውን አንስተው ጫፉን በጣታቸው አቀኑና የሰውየውን አፍንጫ ከጎን ጀመሩ። ማርታ ቆማ አየች። አላስቆመቻቸውም፤ መስመሩ እስኪያልቅ ጠበቀች።

«ቆንጆ ነው» አለች። «የኔ ሥራ ግን አይደለም። እንዲህ ያለው በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ አለ። እኔ ሌላ ሠዓሊ እፈልጋለሁ።» ወደ እኔ ዞረች። «ግጥሙን ግን ስጠኝ። ስምህ ይሰቀላል፤ ቃሌን አላጥፍም።»

«በሁለት ዓይን ሥር?»

«በሁለት ዓይን ሥር።»

«አይ፣ ማርታ። ለዚህኛው ሥዕል ነው የተጻፈው።»

ለጸሐፊዎች የምነግረው ይህን ነው፦ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው ከተሳለ ጽሑፉ የሁለቱም ነው። ደንበኛው የከፈለው ለአንዱ ቢሆንም።

ማርታ ቦርሳዋን አነሳች። የየኔታን ጉልበት ሳመች፤ መረቋት። በሩ ጋ ስትደርስ «ግትር ነህ» አለችኝ፣ ሳትቆጣ። ወደ ፍላቂት ከተማ የሚሄደው ሚኒባስ እንዳያመልጣት ፈጠን ብላ ወጣች፤ በሩን ከውጭ ሳብ አደረገችውና ተዘጋ።