ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ

ደባርቅ፣ ጎረቤቴ ቤት ምስር እየለቀምኩ ሳለሁ፣ ከቴሌቪዥኑ ሕፃናት በአንድ ድምፅ ሲያነበንቡ ሰማሁና ምስሩን ትቼ ቀና አልኩ። ዘጋቢ ፊልም ነው፤ በሩቅ አገር የነባሩን ሕዝብ ልጆች ከእናታቸው ጉያ ነጥቀው፣ ቤተ ክርስቲያን በምታስተዳድረው አዳሪ ትምህርት ቤት እያስገቡ፣ በቋንቋቸው ሲናገሩ ይገርፏቸው ነበር አሉ። «ምን ዓይነት አረመኔ ናቸው!» አለች ጎረቤቴ። እኔ የታየኝ የታላቅ ወንድሜ የውበቱ ፊት ነው።

በልጅነታችን ጃናሞራ ሳለን፣ መስቀል እንዳለፈ፣ አባቴ ውበቱን ራቅ ወዳለ የቄስ ትምህርት ቤት ወስዶ፣ የመምህሩን ጉልበት ስሞ፣ «ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ እንጂ ሌላውን ቀጥተው ያሳድጉልኝ» ብሎ ሰጥቶ መጣ። ይህን ሲያወራ ይኮራ ነበር።

በጋውን ሙሉ ደበሎ የለበሰ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጃችን በቆመ ቁጥር፣ እናቴ «የእኔንም ሌላ እናት ትስጠው» እያለች ከዳቦው ትቆርስለት ነበር። ዳቦ የምትሰጥ እናት በየደጁ ነበረች፤ ከዱላ የምታስጥል ግን አንዲት አልነበረችም።

ክረምት ሲገባ ውበቱ ተመለሰ። በግራው በኩል ብንጠራው አይዞርም። አንዲት ቃል ስቶ መምህሩ በጥፊ ሲመቱት፣ ግራ ጆሮው ደም አፍስሶ ደንቁሮ ኖሯል። አባቴ ፊቱን ይዞ አገላብጦ አየውና «ዓይኑ ደህና ነው» አለ፤ ዝናቡ ሲያባራም መልሶ ወሰደው።

ውበቱ ዛሬ ዳባት ላይ የተከበረ መሪጌታ ነው፤ ልጆቹ ሲያነጋግሩት በቀኙ ዞረው ነው። አሁን ደግሞ ባሌ ትንሹን ልጃችንን ውበቱ ወደተማረበት የቄስ ትምህርት ቤት ሊሰደው ተነሥቷል።

«ወንድምሽ ሰው የሆነው በዚያ ዱላ አይደለም?»

«በትምህርቱ ነው። ዱላውማ ጆሮውን ነው ያደነቆረው።»

«ካህን ትናገሪያለሽ? እንዳትቀሰፊ፣ አንቺ ሴት።»

መቀሰፉን እፈራለሁ፤ ፊደል በቅጡ ያልቆጠርኩ ሴት ነኝና ከካህንም ከባልም ጋር መሟገት ያንቀጠቅጠኛል። ንዴቴ ግን ከፍርሃቴ በለጠ። የዚያ አገር ሰዎች ልጃቸውን በግድ ተነጠቁ፤ እኛ ጉልበት ስመን ሰጠን፣ የተመለሰልንንም ጎዶሎ «ደህና ነው» ብለን ተቀበልን።

እናቴም እንደ እኔ ትፈራ ነበር። እሷ ፈርታ ለውበቱ ስንቅ ቋጠረች፤ እኔ ፈርቼ እምቢ አልኩ።