አንድ ስክሪን ለሁለት ኮምፒዩተር

ያን ቀን ጠዋት አንድ ጤነኛ ኮምፒዩተር ሞቷል ብዬ መርዶ ተናገርኩ። መርዶውን የሰሙት ደግሞ መውጫ መንገዳቸው በዚያው ኮምፒዩተር ሆድ ውስጥ ባለ አንድ ወረቀት ላይ የተንጠለጠለ ጎረቤቴ ናቸው። ሐኪም እንኳ እንዲህ ያለውን ነገር ከመናገሩ በፊት የልብ ምት ያዳምጣል። እኔ ግን አርጆ ጀምሬ፣ ዲጋ ተዛውሬ፣ ነቀምቴ ላይ ጡረታ የወጣሁ የመንግሥት ጸሐፊ ነኝ። ማኅተም መምታት እንጂ ማዳመጥ የት ተማርኩና!

ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ጽሕፈቱ አልለቀቀኝም። በሰፈራችን ሰው ሲጣላ ፍርድ ቤት ከመሄዱ በፊት ሽማግሌ ይቀመጥለታል፤ እዚህ ጃርሱማ ይሉታል። ሽማግሌዎቹ ይናገራሉ፣ እኔ በአፋን ኦሮሞ እጽፋለሁ፣ አንብቤ አሰማለሁ፣ ይፈርማሉ። ወላጆቼ ከሸዋ የመጡ በመሆናቸው ቁቤውን፣ የኦሮምኛውን ፊደል፣ የተማርኩት ጎልምሼ ነው፤ ስጽፍ ግን ከልጅነቴ የማውቀው ያህል እኮራለሁ። ሰፈሩም «ኦቦ ጸሐፊ» ይለኛል። ስሜን የሚያስታውስ መኖሩን እንጃ።

ይህን ሁሉ ውል የምጽፈው በአሮጌው ኮምፒዩተር ነበር። ሲነሣ እንደ ወፍጮ ያጓራል፣ ክረምት ላይ እግር ያሞቃል። ታዲያ ባለፈው በዓል ልጄ ከአዳማ ስትመጣ መጽሐፍ የምታህል አዲስ ኮምፒዩተር ይዛልኝ መጣች። «አባዬ፣ ስክሪንማ አለህ፤ ለሁለቱም ይበቃል» አለችና ከኋላው አንድ ቀጭን ገመድ ሰክታ፣ አንድ ነገር ነካክታ፣ አዲሷን አስነሥታልኝ ሄደች። ምን እንደነካካች አልጠየቅኩም። መጠየቅ የአላዋቂ ሥራ ነው፣ የእኔ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት አሮጌውን ዞር ብዬ አላየሁትም። አዲሷ አታጓራም፣ አትሞቅም፣ ምንም አትልም። ትንሽ የታመመች ይመስለኝ ነበር። እኔ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ከፍቼ አሳያታለሁ። የሚታይ ነገር ስለሌላት የልጆቼን ፎቶ አሳያለሁ።

እንግዲህ በዚያ ጠዋት ጎረቤቴ መጡ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ሁለት ላሞችና ከእኛ ግቢ በስተጀርባ ያለች ቤት አሏቸው።

«አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ ጸሐፊ?»

«ናጋ፣ አዴ። ይግቡ እንጂ።»

«ልቀመጥ አልመጣሁም። ያቺን ወረቀት ምስጥ በላብኝ።»

ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አንድ የፕላስቲክ ከረጢት አወጡ። ውስጡ አፈር ነበር። በአፈሩ መካከል የሽማግሌዎቹ ፊርማ ጭራ የምትመስል ነገር ትታያለች። ወረቀቷ ከዓመታት በፊት የጻፍኳት ነበረች። የባላቸው ወንድም በአጠገባቸው ይኖራል፤ ከቤታቸው ወደ መንገድ የምታወጣው መተላለፊያ በእርሱ መሬት ጠርዝ ታልፋለች። ያኔ ሽማግሌ ተቀምጦ መተላለፊያዋ ለዘለቄታው እንዳትዘጋ ተስማምተዋል።

«አሁን መተላለፊያዋ ላይ ግንድ ተክሏል» አሉኝ። «ውሉ የታለ? ወረቀት አምጪ ይለኛል። ነገ ሽማግሌ ይቀመጣል።»

እኔ ደረቴን ነፋሁ። «አዴ፣ ኮምፒዩተርን ምስጥ አይበላውም። ይቀመጡ፣ አሁን አትሜ እሰጥዎታለሁ።»

እንዲህ ያለውን ቃል ከአፌ ባወጣሁ ቁጥር ምላሴን የሚነክስልኝ ሰው በደመወዝ መቅጠር ነበረብኝ።

አሮጌውን አስነሣሁ። አጓራ። አንዴ «ጢጥ» አለ። ስክሪኑ ላይ ግን ምንም የለም፤ በጥቁሩ ላይ «ኖ ሲግናል»፣ ምልክት የለም፣ የምትል አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቻ ከጥግ ወደ ጥግ ትንሳፈፋለች። ቁጭ ብዬ ጠበቅኳት። እኛ ስልክና ኢንተርኔት ጠፍቶ ብዙ የጠበቅን ሰዎች ነን፤ መጠበቅ የእኛን ያህል የሚችልበት የለም። ሳጥኗም እኔን የምትጠብቅ ይመስል ዝም ብላ ትንሳፈፋለች።

ከዚያ ሥራ ጀመርኩ። ሰማያዊውን ወፍራም ገመድ ነቅዬ መልሼ ሰካሁ፣ ብሎኖቹን በቢላ ጫፍ አጠበቅኩ። አቧራውን እፍ ብዬ ግማሹን ዓይኔ ውስጥ አስገባሁ። የኮምፒዩተሩን ሆድ በመዳፌ ሁለቴ መታሁት፤ ሬዲዮ በዚህ ይድን ነበር። አልሆነም። ቀጥዬ ብልኅ ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ፈተና ፈተንኩ። አዲሷን አስነሣኋት፤ ወዲያው በራች። እንግዲያው ስክሪኑ ጤነኛ ነው። አሮጌውን አስነሣሁ፤ ጨለማ። አዲሷን፤ ብርሃን። አሮጌውን፤ ጨለማ። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። ጎረቤቴ ከበርጩማው ላይ ሆነው ከአንዱ ወደ አንዱ አንገታቸውን እያዞሩ ይከተሉኛል። በመጨረሻ ብይን ሰጠሁ፤ ስክሪኑ ደኅና፣ አዲሷ ደኅና፣ ስለዚህ አሮጌው ሞቷል። በሕይወቴ እንደዚያ የተስተካከለ ሐሳብ አስቤ አላውቅም። እንደዚያ የተሳሳተም አላሰብኩም።

ለወጉ ያህል ባለሙያ ጠራሁ። ከአስፋልቱ ማዶ ስልክና ሬዲዮ የሚጠግን፣ ሆዱ ከባንኮኒው ቀድሞ የሚወጣ ጎልማሳ አለ። ይህ ሰው ለሁሉ በሽታ አንድ ምርመራ ብቻ ነው ያለው፤ ቦርዱ ተቃጥሏል ይላል። ጃንጥላ ብትወስድለት ቦርዱ ተቃጥሏል ብሎ ይመልስልሃል። መጣ፣ ቆመ፣ እጁን ከኪሱ አላወጣም።

«ሲነሣ ጢጥ ብሏል ኦቦ?»

«አንዴ ብሏል።»

«በቃ! ነፍሱ ስትወጣ ነዋ። ቦርዱ ሄዷል።»

«ውስጡ ያለውስ ጽሑፍ?»

«ሬሳ ምን ይናገራል?» ብሎ ሳቀና ወጣ።

ስንቀው እኖራለሁ። ግን እውነቱን ለመናገር ከእርሱ የባስኩት እኔ ነኝ። እርሱ ከመምጣቱ በፊት ፍርዱን ጨርሼ ነበር፤ የጠራሁት እንዲፈትሽልኝ ሳይሆን እንዲፈርምልኝ ነው።

ወደ ጎረቤቴ ዞርኩና «አዴ፣ ሞቷል። ወረቀቱም አብሮ ሄዷል» አልኳቸው። የሐዘን ድምፅ እንኳ ጨመርኩበት።

አላለቀሱም። ከረጢታቸውን ከነአፈሩ አጥፈው ነጠላቸው ጫፍ ላይ መልሰው ቋጠሩ።

«ላሞቹስ ይሁን፤ ይሸጣሉ» አሉ። «እኔ ስሞት በየት ልወጣ ነው? በአጥር ላይ ሊያሻግሩኝ ነው?»

በሽማግሌ ፊት ውሸታም ከምባል ዛሬውኑ ሄጄ ግማሹን ልልቀቅለት፣ ሰው ብቻውን የሚያልፍባትን ያህል ከተወልኝ ይበቃኛል ብለው ተነሡ። ዱላቸውን ይዘው ወጡ። እኔም ተቀምጬ ቀረሁ።

ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ወጥታ አሮጌውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፤ የትኛችን እንደሞትን የምትለይ ትመስል ነበር።

«ለልጅህ አትደውልም?»

«እርሷ አዳማ ሆና ምን ታያለች?»

«አንተ እዚህ ሆነህ ምን አየህ?»

ደወልኩ። ልጄ ሥራ ላይ ነበረች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታወራለች። ነገሩን ከነፈተናዬ አስረዳኋት። ትደነቃለች ብዬ ስጠብቅ «ስንት ጊዜ ጮኸ?» አለችኝ።

«አንዴ። ጢጥ ብሎ ሞተ።»

«አባዬ፣ አንዴ ከጮኸ ደኅና ነኝ ማለቱ ነው! ሲታመም ነው ደጋግሞ የሚጮኸው። ስክሪኑ እኮ አሁንም አዲሷን እየጠበቀ ነው። የመጣሁ ጊዜ ወደ እርሷ አዙሬው ነው የሄድኩት። ወደ አሮጌው የምትመልሰው በቁልፍ ነው።»

«የምን ቁልፍ?»

«ስክሪኑ ላይ፣ ከታች በስተቀኝ በኩል።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። «እዚያማ ዳንቴል ነው ያለው።»

ልጄን እንደምንም አፍና የያዘችው ሳቅ አመለጣት።

በቤታችን ራቁቱን የሚያድር ዕቃ የለም። ሬዲዮው ዳንቴል ለብሷል፤ የጋዙ ሲሊንደር እንኳ እንደ ሙሽራ ቀሚስ አለው። አዲሷ በመጣች ሳምንት ባለቤቴ ለስክሪኑም በልኩ ሠርታ፣ ዙሪያውን ላስቲክ አስገብታ፣ እንዳይንሸራተት ከታች በክር ሰፍታ አልብሳዋለች። ፊቱ ብቻ ብቅ ብሎ ይታያል፤ ልክ ሻሽ እንዳሰረች ሴት። እኔ ደግሞ ስክሪኑን የማበራውም የማጠፋውም ከግድግዳው ማከፋፈያ ነው። በግንባሩ ላይ ቁልፍ ሊኖር እንደሚችል አንድም ቀን አላሰብኩም። ደግሞ ዳንቴሉን አወድሼው ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ ከኮምፒዩተሯ አስቀድሜ የማሳየው እርሱን ነው።

«ልቅደደው?» አልኩ ለባለቤቴ።

«ምኑን ነው የምትቀደው! ጣትህን አስገባ።»

በአንደኛው አበባ ቀዳዳ ጣቴን አስገብቼ ፈለግኩ። አንድ ነገር ተጫንኩ፤ ስክሪኑ ጠፋ፤ ደግሜ ተጫንኩት፣ በራ። ሌላ ተጫንኩ፤ በማላውቀው ቋንቋ ዝርዝር አወጣ። ልጄ በስልክ «ቀስ በል፣ ቀስ፣ ሁለተኛውን!» ትላለች። ሁለተኛውን ተጫንኩ። ሳጥኗ መንሳፈፏን አቆመች፤ በቦታዋ አሮጌው ከነሰማያዊ ሜዳው፣ ከነተደረደሩት ውሎቼ፣ ዐሥር ጊዜ ቀብረኸኛል የሚል ይመስል ፈክቶ ቁጭ አለ። ጠዋቱን ሙሉ ሥራውን እየሠራ ነበር ማለት ነው። የሚያየው ሰው ብቻ አጥቶ።

ውሉን አገኘሁት። አተምኩት። ፕሪንተሩ መስመር እየዘለለ ቢያወጣውም ይነበባል። ጫማዬን በትክክል ማድረጌን ሳላይ ሮጥኩ፤ ሩጫ ስል የእኔን ሩጫ ነው፣ አንድ ዶሮ ቀድማኝ ሄዳለች።

ጎረቤቴ የባላቸው ወንድም ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር። ግንዱ ተተክሏል፤ ሰውዬው በእጁ መጥረቢያ እንደያዘ ያዳምጣቸዋል። «እሺ እንግዲህ፣ ግማሹን...» ሲሉ ደረስኩ።

«አዴ! አንዲት ቃል እንዳይናገሩ!»

ትንፋሽ ስላልነበረኝ ወረቀቱን ለሰውዬው ሰጠሁት። ፊርማ የለበትም፤ ይህንንም ወዲያው አየ።

«ይኼማ ዛሬ የተጻፈ ነው፣ ኦቦ ጸሐፊ።»

«የታተመው ዛሬ ነው። እስቲ ከታች ያለውን ጮክ ብለህ አንብበው።»

አነበበ። የመተላለፊያዋ ስፋት ሁለት ላም ጎን ለጎን የሚያሳልፍ እንዲሆን፣ ልኩም ስድስት እርምጃ እንደሆነ፣ እርምጃውንም የረገጠው እርሱ ራሱ እንደሆነ፣ በአምስተኛው ላይ ጫማው ጭቃ ውስጥ ቀርቶበት ሽማግሌዎቹ እንደሳቁ ሳይቀር ተጽፏል። የጫማውን ነገር ያኔ ለምን እንደጻፍኩ አላውቅም። ጸሐፊ ሆነው ወሬኛ ካልሆኑ ምን ያደርጋል ብዬ ይሆናል። ሰውዬው እዚያ ሲደርስ ድምፁ ቀነሰ። ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ በሕይወት አሉ፤ ጫማውንም ያወጡለት እነርሱ ናቸው።

መጥረቢያውን ወደ ቤት አስገባ። በማግሥቱ ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ወረቀቱ ተነበበ፣ ሁለቱ አዛውንት «ኤዬ፣ እኛው ነን» አሉ፤ እንደገና ሳቁበትም። ግንዱ ተነቀለ። ጎረቤቴ በቀን ሁለት ጊዜ ላሞቻቸውን በዚያችው ያወጣሉ፣ ያገባሉ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ደኅና ነበር። ግን ሰፈሩ ኦቦ ጸሐፊ የሞተ ኮምፒዩተር አስነሣ አለ። ያ ባለ ሆድ ጠጋኝ እንኳ «ምን ማድረግ እንደሚገባው የነገርኩት እኔ ነኝ» ብሎ ድርሻውን ቆረሰ። ለእርሱ ያለኝ ንቀት እንዳለ ነው፤ እኔም ያንኑ ውሸት ከሌላው ጫፍ ይዤ እየጎተትኩ መሆኔን ሳልረሳ። አንድም ሰው አላረምኩም። «እንዴት አደረግከው?» ሲሉኝ «ልምድ ነው» እላለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጎረቤቴ አንድ ጮጮ ሙሉ እርጎ ይዘው መጡ፤ ከላይ እንደ ቆዳ የረጋ፣ የጢስ ሽታ ያለው። በሁለት እጃቸው ሰጥተውኝ «ጠዋቱን ሙሉ ስላደከምንዎ ነው፣ ገለቶማ» አሉኝ። ላልደከምኩበት ጠዋት! እርሳቸውን ግማሽ መንገድ ሊያሳጣ የነበረው የሞተ ኮምፒዩተር ሳይሆን የእኔ አፍ እንደነበረ፣ ምንም ነገር ተበላሽቶ እንዳልነበረ ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ። እርጎውን ጠጣሁ።

ጮጮ ባዶውን አይመለስም። ባለቤቴ አጥባ አጥናዋለች፤ ማርም ሞልታበታለች፤ «አድርስላቸው» ካለችኝ ሳምንት ሆነው። ማሩን ለማድረስ ችግር የለብኝም፤ አብሮት መሄድ ያለበት ቃል ነው ከበር የሚመልሰኝ። ትናንት ቆርጬ ተነሣሁና ጮጮውን ይዤ አጥራቸው ድረስ ሄድኩ። ገና ሳልናገር «እሰይ መጡልኝ!» ብለው ሮጠው ገቡና የባላቸውን ሬዲዮ አምጥተው ክንዴ ላይ አኖሩት። ከሞተ ዓመት ሆኖታል አሉኝ። እሺ ብዬ ሬዲዮውን ይዤ፣ ማሩንም ሳልሰጥ ይዤ ተመለስኩ።