ለገሃርን ያዩ ቀን
አያቴ የሉማሜ ሰው ነበሩ፤ ጉልበታቸው ያለቀው ግን አዲስ አበባ፣ ለገሃር ባቡር ጣቢያ፣ የጅቡቲን መንገደኛ ሲያሳፍሩ ነው። ጡረታ ወጥተው አገራቸው ከገቡ በኋላም አውቶቡስ ሊነሳ ሲል ደጃፉ ላይ ቆመው፣ «የቀረ ሰው አለ?» ብለው ሳይጣሩ አያስነሱም ነበር። ሹፌሮቹ ይታገሷቸው ነበር። ዛሬ አውቶቡሱ እየሮጠ የሚመጣውን ሰው ጥሎ ይሄዳል።

አምና «ሳልሞት ጣቢያዬን አሳዪኝ» አሉኝና ወሰድኳቸው። ያሁኑ ባቡር የሚነሳው ከከተማው ዳር ነው፤ የድሮው ጣቢያ ተዘግቶ ጠበቀን። ጥበቃው በትሕትና «አባቴ፣ ማንን ፈልገው ነው?» ሲላቸው የሚጠሩት ስም አጡ።

ሉማሜ ደርሰን ስንወርድ፣ «ባላየው ይሻለኝ ነበር። ለምን ወሰድሽኝ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አውቶቡስ ደጃፍ አልቆሙም። በሐምሌ ዝናብ ቀበርኳቸው።