በአባቴ ክፍል ግድግዳ ያለፈችው ጥይት

ይህ የሆነው ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ አርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ሰው አልሞተም፣ ሰው አልቆሰለም። ፖሊሱም ወረቀቱ ላይ የጻፈው እንደዚሁ ነበር። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ያን ቀን ሳላስበው የዋልኩበት ጊዜ የለም። ልጽፈው ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። አሁን አባቴ በሕይወት ስለሌሉ ብናገረው የሚያሳፍራቸው አይመስለኝም።

የምኖረው እስራኤል ውስጥ ሀደራ በምትባል ከተማ ነው። የትምህርት ቤት ልጆች የሚያመላልስ ሚኒባስ እነዳለሁ። ባለቤቴ አስካለ ሕፃናት መዋያ ትሠራለች። ትልልቆቹ ልጆቻችን ከቤት ወጥተዋል። የመጨረሻዋ ሺራ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴ ብቻቸውን መኖር ስላቃታቸው ወደ እኛ አመጣኋቸው። ክፍል ስላልነበረን የእኛን መኝታ ቤት በጂፕሰም ግድግዳ ለሁለት ከፍለን ግማሹን ለእሳቸው ሰጠናቸው። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ሲያስሉ ሳይቀር ይሰማን ነበር።

ወደዚህ አገር የመጣነው ከጎንደር በሱዳን በኩል በእግራችን ተጉዘን ነው። እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር። ታናሽ እህቴ አለምነሽ ደግሞ ገና ሁለት ዓመቷ። እሷ መንገድ ላይ ቀረች። ትኩሳት ነው የገደላት ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት። ከዚያ ያለፈ ነገር ጠይቄ አላውቅም። በሱዳን መንገድ ሰው ያልሞተበት ቤት ስለሌለ፣ በእኛ ዘንድ ይህን ማንም አብዝቶ አይጠይቅም።

አሁን ሽጉጡ እንዴት እጄ እንደገባ ልናገር። ያ ጊዜ ሰው ሁሉ የሚፈራበት ጊዜ ነበር። መንገድ ላይ ሰው ተወጋ፣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሰው ተገደለ የሚል ወሬ በየቀኑ እንሰማለን። እኔ ደግሞ በየማለዳው የሰው ልጆች ጭኜ እሄዳለሁ። አንድ ነገር ቢመጣ ባዶ እጄን ነኝ ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። በወጣትነቴ ተዋጊ ክፍል ውስጥ ስላገለገልኩ ለሪሽዮን፣ ማለትም ለመሣሪያ ፈቃድ ማመልከት እችል ነበር። አመለከትኩና ተፈቀደልኝ። ለአስካለ ስነግራት፣ "አንተ ታውቃለህ፣ ከልጅቷ ግን አርቀው" ብቻ አለችኝ።

ሱቁ ውስጥ ሻጩ ሦስት ሽጉጦች በጨርቅ ላይ ደረደረልኝ። ልብስ ስር የማይታይ እፈልጋለሁ ብዬው ስለነበር እጄን ወዲያው ወደ ትንሿ ሰደድኩ።

"እሷ ለመደበቅ ትመቻለች" አለኝ። "ስትተኩስ ግን እጅ ላይ ትዘላለች። ትልቁ ደግሞ ለመተኮስ ይመቻል፣ ሸሚዝ ስር ግን ያብጣል። ዓይንህን ተወውና እጅህ ይምረጥ።"

አንድ በአንድ ጨበጥኳቸው። መካከለኛው መዳፌ ውስጥ ሞልቶ ተቀመጠ፣ ጣቴም ምላጩ ጋ ሳይንጠራራ ደረሰ። እሱን መረጥኩ። ሽጉጡ ለሚገባበት ማኅደርም ለስላሳ ጨርቅ እንዳልገዛ፣ ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ እንዲሆን መከረኝ። ሰውየው የነገረኝ ሁሉ ትክክል ነበር። ጥፋቱ ከእሱ አልመጣም።

የተኩስ ልምምዱን የሰጠችን ማሪና የምትባል ከሩሲያ የመጣች ሴት ናት። ስልሳ ዓመት ይሆናታል፣ ድምፅዋ ግን የሻለቃ ነው። የውትድርና ጊዜዬን ተማምኜ ስለመጣሁ ብዙም አላዳመጥኳትም። ገና ሽጉጡን ሳነሳ፣ "ጣትህን!" ብላ ጮኸችብኝ። ሳላውቀው ጣቴን ምላጩ ላይ አድርጌ ነበር።

"ጣት ወደ ምላጭ የሚገባው ለመተኮስ ስትወስን ነው" አለች። "ሁልጊዜ ጥይት እንደጎረሰ ቁጠረው። አፈሙዙን ልትመታው ወደማትፈልገው ነገር አታዙር። ጥይት የለውም ከማለትህ በፊት መጀመሪያ ካርታውን፣ የጥይት መያዣውን አውጣ፣ ከዚያ ደጋግመህ አቀባብል፣ ከዚያ በዓይንህ እይ፣ በጣትህም ዳብስ።"

በመጨረሻ ጥይት ሳይኖር ቤት ውስጥ ስለመለማመድ ነገረችን። "ጥይቱ ሌላ ክፍል ተቆልፎ ይቀመጥ። ልምምዱ አለቀ ካላችሁ አልቋል። ቤቱን የሚመታው ሰው 'አንዴ ብቻ ልድገም' የሚለው ነው።"

ሁላችንም ሳቅን። እሷ አልሳቀችም።

ሽጉጡን ወደ ቤት ያመጣሁ ዕለት አባቴ ጃኬቴን ሳወልቅ ወገቤ ላይ አዩት። ወደ ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ፤ ራትም አልበሉም። እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት።

ያን አርብ አስካለ ለሰንበት የሚሆን ዕቃ ልትገዛ ገበያ ወርዳ ነበር። ሺራ ከአያቷ ጋር ክፍላቸው ውስጥ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሥዕል ትቀባለች። እኔ መኝታ ቤት በሬን ዘግቼ ያለ ጥይት እለማመድ ነበር። ከማኅደሩ አወጣለሁ፣ አቀባብላለሁ፣ ምላጩን እስባለሁ፣ ቀጭ ይላል። ጥይት የሞላው ካርታ ግን እንደተባልኩት ሌላ ክፍል አልነበረም። አልጋው ላይ አጠገቤ ነበር።

ስልኬ ጮኸ። አስካለ ናት፤ ዕቃው ከብዷት መጥቼ እንድወስዳት ፈለገች። እሺ ብዬ ዘጋሁና ልምምዱን ጨረስኩ። የሞላውን ካርታ ሽጉጡ ውስጥ አስገባሁ። ወገቤ ላይ አሰርኩት። መስተዋት ፊት ቆሜ ሸሚዜን ሳስተካክል የመጨረሻዋ ሙከራዬ ጥሩ እንዳልነበረች ትዝ አለኝ። አንዴ ብቻ ልድገም አልኩ። አወጣሁ፣ አቀባበልኩ፣ ምላጩን ሳብኩ።

ድምፁን ልገልጸው አልችልም። ጆሮዬ ደነቆረ። ግድግዳው ላይ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አየሁ። ከቀዳዳው ወዲያ ማን እንዳለ እስካስታውስ ድረስ ያለፈው ጊዜ አጭር ነው፣ ለእኔ ግን ከዕድሜዬ ሁሉ ይረዝማል።

ሽጉጡን ጥዬ ሮጥኩ። አባቴ ወለሉ ላይ በደረታቸው ተኝተዋል። ከሥራቸው የሺራ እግሮች ብቻ ይታያሉ። ደም ፈለግሁ፣ ደም የለም። ጥይቷ ከጭንቅላታቸው በላይ አልፋ የውጪው ግድግዳ ውስጥ ተቀርቅራ ነበር። ይህን ያወቅኩት ግን በኋላ ነው።

"አባባ! አባባ፣ ይነሱ!" አልኳቸው።

አልሰሙኝም። በአንድ እጃቸው የሺራን አፍ ግጥም አድርገው ይዘዋል። "ጸጥ በይ፣ ጸጥ በይ ልጄ፣ ይሰሙናል" ይላሉ። ልጅቷ ከሥራቸው ትፈራገጣለች። ትከሻቸውን ይዤ ልጎትታቸው ሞከርኩ። ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ሰው ናቸው፣ ንቅንቅ ማድረግ ግን አቃተኝ።

ከዚያ በድንገት እጃቸውን እሳት እንደነካቸው ከአፏ ላይ አነሡት። ተንከባልለው ወረዱላትና ጉንጫቸውን አፍንጫዋ ላይ ለጠፉ። ሺራ አየር ስባ ጮክ ብላ አለቀሰች። አባቴ ያን ለቅሶ ሲሰሙ የሆኑትን ሁኔታ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

"ትተነፍሳለች!" አሉ። "አለምነሽ ትተነፍሳለች! ስሙ፣ ታለቅሳለች!"

እየሳቁ ያለቅሱ ነበር። ፊቷን፣ እጇን፣ እግሯን ይስማሉ። እኔ አጠገባቸው ተንበርክኬ ምንም አልገባኝም። ደንግጠው የሞተችው እህቴ ታየቻቸው ብቻ ነው ያልኩት።

ጎረቤት ደውሎ ኖሮ ፖሊሶች መጡ። የሆነውን ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ሽጉጡንም ፈቃዴንም ወሰዱ። አስካለ የገዛችውን ዕቃ እየጎተተች በእግሯ መጣችና ደጃፋችን ላይ የፖሊስ መኪና ስታይ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። ለብዙ ሳምንታት ከእኔ ጋር ከአስፈላጊ ነገር በስተቀር አልተነጋገረችም። አልፈርድባትም።

ለማሪናም ደወልኩላት። ለምን እንደደወልኩ አላውቅም፣ የሚቆጣኝ ሰው ፈልጌ ይመስለኛል። ሁሉንም ነገርኳት። "ልጅቷ ደህና ናት?" ብቻ አለች። ደህና ናት ስላት፣ "በል ሂድ አጠገቧ ሁን" ብላ ዘጋችው።

በሦስተኛው ቀን አባቴ እንውጣ አሉኝ። ከሕንፃችን ጀርባ ባሕር ዛፎች አሉ፣ ከሥራቸው አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያ ተቀመጥን። ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"አለምነሽን ትኩሳት አልገደላትም" አሉኝ።

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

የነገሩኝን እንዳሉት ልጻፈው። "ቀን ነበር። ሸለቆ ውስጥ ቁጥቋጦ ሥር ተኝተን እንውል ነበር። ሽፍቶች መጡ። ማን ላይ እንደሁ አላውቅም፣ ተኮሱ። ሕፃኗ ልታለቅስ አፏን ስትከፍት በእጄ ያዝኳት። ተኛሁባት። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ሕፃን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ሁሉም እኔን ያያሉ። ሽፍቶቹ እስኪርቁ ድረስ እጄን አላነሣሁም። ስነሣ ዝም ብላለች። እንቅልፍ ወሰዳት መሰለኝ። አብረውን ያሉት ሰዎች፣ 'ተባረክ፣ ጎበዝ ልጅ ናት፣ አላለቀሰችም፣ እሷ አተረፈችን' አሉኝ። ቦታውን ለቀን ስንሸሽ እንደተሸከምኳት እስከ ማታ ሄድኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ትኩሳት ያዛት አልኩ።"

"እናቴስ ታውቅ ነበር?"

"አልጠየቀችኝም። ያን ሁሉ ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን አልጠየቀችኝም። ታውቅ ነበር መሰለኝ።"

የሚያጽናና ነገር የተናገርኩ መስሎኝ፣ "አባባ፣ እኛ ሁላችን እኮ ተርፈናል" አልኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉ። "ለራሴ ስነግረው የኖርኩት እሱን ነው። አልበቃኝም።"

ወርጄ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ስለ ተኩሱ ይቅር እንዲሉኝ ለመንኳቸው። ፀጉሬን እየዳበሱ፣ "አንተ ምን አደረግህ? ያንተዋ ትተነፍሳለች" አሉኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ አባቴ ሺራን አቅፈው አያውቁም። ክፍላቸው ስትገባ ወንበራቸውን ፈቀቅ ያደርጋሉ። ሥዕል ስታሳያቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ነው የሚያዩላት። "ሳባ ተቆጥቶኛል?" እያለች ትጠይቀኛለች። ሳባ የሚሉት እዚህ አያትን ነው። አልተቆጡሽም እላታለሁ፣ ግን አይገባትም። አባቴንም ለመንኳቸው። "እጄን አላምነውም" አሉኝ።

በሚቀጥለው ክረምት፣ ዝናቡ እንደጀመረ አረፉ። በመጨረሻው ቀን ሆስፒታል ሺራን አመጣኋት። ከአልጋው ራቅ ብላ ቆመች። አባቴ አንድ ጣታቸውን ዘረጉላት። እሷም ጣቷን ነካ አደረገችበት። ብዙ ሳይቆዩ ተለዩን።

ይግባኝ ብጠይቅ ፈቃዱ ሊመለስልኝ እንደሚችል የሚገልጽ ደብዳቤ ደርሶኝ ነበር። አልጠየቅሁም። መሣሪያ የያዘ ሰው ሁሉ ተሳስቷል አልልም፤ የተማሩትን እንደተማሩ የሚጠብቁ ብዙዎች አሉ። እኔ ግን አንዲት ትእዛዝ ንቄ አባቴን በመጨረሻ ወራታቸው ከልጅ ልጃቸው ነጠልኳቸው። አንዳንዱ ወዳጄ፣ "ያ ባይሆን ኖሮ ሳይናገሩት ይሞቱ ነበር፣ ቀለል ብሏቸው ሄዱ" ይለኛል። እኔ ፊታቸውን ስላየሁ ቀለል ያላቸው አይመስለኝም።

ባለፈው ሳምንት በመኪና ስንሄድ ሺራ ከኋላ ሆና፣ "አባ፣ አለምነሽ ማን ናት? ሳባ ያን ቀን እንደዚያ ብሎ ነበር የጠራኝ" አለችኝ።

"አክስትሽ ናት። ትንሽ ሆና ነው የሞተችው።"

"ምን ሆና?"

"ስንመጣ መንገድ ላይ ሞተች" አልኳት። "ሳባ አቅፈዋት ነበር።"

ውሸት አልነገርኳትም። ሁሉንም ግን አልነገርኳትም። በመስተዋቱ ሳያት እያሰበች ነበር። ልጅቷ እንደ እናቴ ዝም የምትል አይደለችም። አንድ ቀን ተመልሳ ትጠይቀኛለች፣ ያኔ ምን እንደምመልስላት እስከ ዛሬ አላውቅም።