ከዳምቦያ የመጣ ውሃ

ልጅ ሳለሁ ሆሳዕና ቤታችን ውስጥ ውሃ ዓይኑን ማየት የማይፈልጉ አንድ ሰው ነበሩ። ክፋቱ፣ እኚህ ሰው ተረት የሚነግሩን አያቴ፣ የእናቴ አባት መሆናቸው ነው። ከዳምቦያ መጥተው ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ወዲህ ስኳር የበዛበት ሻይ እንጂ ሌላ ነገር አፋቸው አይደርስም። «የቦኖ ውሃ ጀሪካን ጀሪካን ይላል። ውሃማ የዳምቦያ ምንጭ ነበር!» ይሉ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን የኩላሊት ጠጠር ጥሏቸው ሐኪም ቤት ተወሰዱ። ሐኪሙ «አባባ፣ ውሃ በደንብ ይጠጡ፤ አለበለዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ኦፕራሲዮን ነው» አላቸው። እናቴ ስትመለስ ዓይኗ በለቅሶ ቀልቶ ነበር። እኔና እህቴም ፈራን፤ ለአያታችን ፈራን፣ ደግሞም ለተረታቸው ጅብ።

ያኔ መብራት በጠፋ ቁጥር ላምባ ተለኩሶ፣ የከሰሉን ፍም ከበን የምንሰማው አንድ ረጅም ተረት ነበር፤ ጅብ ጋቢ ደርቦ፣ ከዘራ ይዞ፣ የአህያን ልጅ ለጋብቻ ሊጠይቅ ሽማግሌ ሆኖ የሚሄድበት። ጅቡ ደጅ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ሲጠርግ የአያቴም ጉሮሮ ይደርቃል። «ሻይ!» ይላሉ። እናቴ ውሃ ታቀርባለች። «እንግዲያው ጅቡም እዚያው ይቁም» ይሉና ይከናነባሉ። ጅቡ ሳምንት ሙሉ ደጅ ላይ ቆመ።

ያልሞከርነው የለም። ሎሚ ጨመቅንበት፤ «ጉንፋን መቼ ያዘኝ?» አሉ። ዝንጅብል ከተትንበት፤ «ሻይ ጀምራችሁ ተዋችሁት እንዴ?» አሉ። እህቴ እፍኝ ሙሉ ጤና አዳም ነክራ ብታቀርብላቸው አሸተቱና ብርጭቆውን መለሱላት፤ «መጀመሪያ አንቺ ጠጪው። ነገ በሰላም ከተነሳሽ እኔም እጠጣለሁ።»

በመጨረሻ እናቴ የተረሳ እንስራ ከጓዳ አወጣች። ዳምቦያ እንደሚደረገው ፍም ላይ ወይራ ጨምራ እንስራውን ጭሱ ላይ ደፋችው፤ ቤቱ በጭስ ታፍኖ እኛ ስንስል እሷ አልተበገረችም። ከዚያ ያንኑ የቦኖ ውሃ ሞላችበትና ማታ ቀድታ ሰጠቻቸው። «ማርቆስ በሚኒባስ ልኮልዎት ነው፤ የምንጩ ውሃ» አለች፣ ፊቷ ላይ ምንም ሳይታይ። ማርቆስ ዳምቦያ የሚኖር ታናሽ ወንድሟ ነው።

አያቴ ተጎነጩ። ደግመው ተጎነጩ። «ይኸውላችሁ! ውሃ ማለት ይሄ ነው!» አሉና ጅቡን ወደ ቤት አስገቡት። እኔና እህቴ በደስታ ተቃቀፍን። ከዚያ ወዲያ ብርጭቆው በተሞላ ቁጥር ተረቱ ይቀጥላል፤ የአያቴም ፊት ቀስ በቀስ ወዛ፣ ማቃሰታቸውም ቀረ።

መስቀል ሲደርስ ግን አጎቴ ማርቆስ ራሱ ከች አለ።

«ማርቆስዬ፣ ስለ ውሃው እግዜር ይስጥልኝ» አሉት አያቴ።

«የቱ ውሃ?»

እናቴ በጠረጴዛው ስር እግሩን ረገጠችው።

«ምን ሆነሽ ነው እግሬን የምትረግጪኝ? ምንጩ እንደሆነ ከተበላሸ ቆየ፤ እኛም የቦኖ ነው የምንጠጣው!»

እናቴ አንገቷን ደፋች። እኔ የታየኝ ኦፕራሲዮኑ ነው፤ እህቴ ማልቀስ ጀምራለች። አያቴ ብርጭቆውን ላምባው ፊት አንስተው አዩት፤ ከዚያ እስከ መጨረሻው ጨለጡት።

«ምን ያስደነግጣችኋል?» አሉ። «ጅብ ጋቢ ለብሶ ሽምግልና ሄደ ስላችሁ ጋቢውን ከየት ገዛው ብላችሁኛል? እኔም ውሃው ከዳምቦያ መጣ ስትሉኝ በየት በኩል መጣ አላልኩም። በይ፣ ድገሚኝ።»

የዚያ ተረት መጨረሻ ዛሬ ጠፍቶኛል፤ የአህያዋ ልጅ ታግባ አታግባ አላውቅም። የወይራው ጭስ ግን አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ፤ በሸተተኝ ቁጥር አያቴ ይናፍቁኛል፣ ውሃም ይጠማኛል። ለነገሩ እኔም ለስላሳ ካልሆነ አልጠጣም የምትል ልጅ ወልጃለሁ። በቀደም በተከራየነው ፎቅ ቤት ውስጥ በወይራ ጭስ ማሰሮ እያጠንኩ ሳለ ጎረቤቴ «ቤት ተቃጠለ» ብላ ባልዲ ይዛ በሬን ደበደበችው። ጭሱ ሲወጣ ማሰሮውን ከቧንቧው ሞልቼ ለልጄ ቀድቼ ሰጠኋት።

«እማዬ፣ ይሄ ውሃ ከየት ነው?»

«ከዳምቦያ።»

ቧንቧውን አየት አደረገች፣ እኔንም አየት አደረገች፤ ከዚያ ጠጣችው።

«ሌላም ልከዋል?» አለችኝ።